የሰባት ቁጥር ብረት

ሰው ሙያውን እንዴት እንደመረጠ ሲጠየቅ ደስ የሚል ነገር ያወራል። አንዱ ከልጅነቱ ጀምሮ መኪና እየፈታ እንዳደገ ይናገራል፤ ሌላዋ የጎረቤት ልጆችን ጸጉር ስትሠራ እጇ እንደተመሰከረላት ትተርካለች። እኔን ሲጠይቁኝ ወሬ እቀይራለሁ። ዛሬ ሶፋ አለብሳለሁ፤ ደህና አድርጌ ነው የማለብሰው፣ ደንበኞቼም አያሙኝም። ሶፋ ቤት ከመግባቴ በፊት ግን ሃያ ሁለት ቀን ብረት ቤት ሠርቻለሁ። የማላወራው ያንን ሃያ ሁለት ቀን ነው። አሁን ላወራው ነው፤ ካፈርኩ አይቀር አፌን ሞልቼ ልፈር።

ቤት ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እናቴ፣ እኔና የአክስቴ ልጅ። እናቴ ሳሎናችን ውስጥ ባለው የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የአክስቴ ልጅ እናቷ ስትሞት በዘጠኝ ዓመቷ መጥታ ከእኛው ጋር አደገች፤ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ግራኝ ስለሆነች እናቴ «ግራዬ» ትላታለች፤ እኔም እንደዚያው። እናቴ አላበላለጠችንም ብዬ ብምል መሐላው ግማሽ እውነት ይሆናል። ልብስ ስትገዛ ለሁለታችንም ነው፤ በምግብም አትለየንም። አንድ ነገር ሲሰበር ግን መጀመሪያ ከአፏ የሚወጣው ስም የግራዬ ነው። ብርጭቆም ይሁን የበር እጀታ፣ «ግራዬ!» ብላ ነው የምትጮኸው። እኔ የሰበርኩትን ዕቃ ሁሉ በእናቴ ዘንድ የሰበረችው ግራዬ ናት። እሷ ደግሞ አትከራከርም፤ መጥረጊያውን አንስታ መጥረግ ትጀምራለች።

ትምህርት የጨረስን ዓመት የሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ። ባለሱቁ ስኳር እየመዘነ፣ ጎረቤቷ ልብስ እያሰጣች፣ «እህሳ፣ ምን ልትሆኑ ነው?» ይሉናል። ግራዬ መልስ ነበራት። «ብረት እማራለሁ» ትላለች፣ ሌላ ሳትጨምር። ይሄ ከመሬት ተነስታ የተናገረችው አይደለም። የስፌት መኪናው ጨርቁን ተጭኖ የሚይዘው ብረት ተሰብሮ መለዋወጫው ከገበያ በጠፋ ጊዜ፣ ከአሮጌ የበር ማጠፊያ ቆርጣ፣ ሦስት ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሞርዳ ሞርዳ ሠርታለታለች። እናቴ ለደንበኞቿ ስታወራ «ልጆቹ ሠሩልኝ» ትላለች። እኔ የሠራሁት ነገር ቢኖር ሞረዱን ከጎረቤት መዋስ ነበር።

እኔ መልስ አልነበረኝም። «እስቲ አየዋለሁ» እላለሁ፣ የማየው ነገር ያለ ይመስል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ግራዬ አንድ ብረት ቤት በሩ ላይ የለጠፈውን ማስታወቂያ አይታ መጣች። አንድ ተለማማጅ ይፈልጋሉ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ከቶርኖ ማሽን እስከ ብየዳ ያስተምራሉ፤ ፈተናው የፊታችን ሐሙስ ነው። ስትናገር ምግቡን ረስታዋለች፤ እንደዚያ ስታወራ አይቻት አላውቅም።

«እኔም እመዘገባለሁ» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ብትጠይቁኝ የረባ ምክንያት የለኝም። እሷ መልስ ነበራት፣ እኔ አልነበረኝም፤ መልሷን ወሰድኩባት። እናቴ ግን ፊቷ በራ። «ጎሽ የኔ ጌታ! ብረት የወንድ ሥራ ነው» አለች። ቀጥላ ግራዬን አየት አድርጋ፣ «አንቺም ሞክሪ እንግዲህ። ካልሆነም ስፌቱ አለልሽ» አለቻት። ግራዬ እንደገና መብላት ጀመረች።

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ልጆች ሆነን ቀረብን። ለእያንዳንዳችን የልብስ ሳሙና የሚያህል ቁራጭ ብረት ተሰጠን። ጫፉ ላይ ቀዳዳ አለው፤ በቀዳዳው በኩል ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ቆርቆሮ በሽቦ ታስራለች። እኔ ሰባት፣ ግራዬ ስምንት። ሥራው ለጆሮ ቀላል ነው፤ አንዱን ፊት ለጥ አድርጎ መሞረድ፣ ከጎኑ ያለውን ደግሞ ከሱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ ማድረግ። ማሽን የለም። ብረቱን ነክሶ የሚይዝ አንድ ሞርሳ፣ አንድ ሞረድ፣ ሁለት እጅ፣ እስከ ምሳ ሰዓት።

ሞረድ ይዞ የማያውቅ ሰው የሚሠራት አንዲት ስህተት አለች። ሲገፋ እጁ ከፍ ዝቅ ይልበታል፤ ስለዚህ ሞረዱ የብረቱን ሁለት ዳር እየበላ መሐሉን ይተወዋል። የኔ ብረት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሆድ አወጣ። ሆዱን ላጠፋ ስታገል ዳሩ ይብስ ጎደለ። ግራዬ ከጎኔ ሞረዱን በግራ እጇ ጨብጣ፣ ጫፉን በቀኟ ደግፋ፣ ትከሻዋ ሳይነቃነቅ ትገፋለች። በየመሐሉ ማዕዘን መለኪያውን ስኳድራ ብረቱ ላይ ታቆምና ወደ መስኮቱ አንስታ ታየዋለች፤ በመካከላቸው ብርሃን ካለፈ ገና ነው፣ ካላለፈ አልቋል። እስከ ማታ ብሠራ እንኳ እዚያ እንደማልደርስ ገብቶኛል።

የጠበቀን የአለቃው ረዳት ነበር፤ መጠበቁ እንኳ ለወጉ ነው፣ በሩ ላይ ወንበሩን ወደ ኋላ አስደግፎ ጋዜጣ ያነባል። ሰዓቱ ሲደርስ ጋዜጣውን አጠፈና በጣቱ ጠራኝ። «አንተ ረጅሙ፣ ሰብስብና ቢሮ አስገባልኝ» አለኝ።

አሥራ ሁለቱን ብረት በትሪ ይዤ በመጋዘኑና በቢሮው መካከል ወዳለው ጠባብ ኮሪደር ገባሁ። እዚያ አንድ ባዶ በርሜል ቆሟል። ትሪውን በርሜሉ ላይ አስቀመጥኩ። ሽቦው ለስላሳ ነው፤ ሁለቴ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ይፈታል፣ ሁለቴ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ይታሰራል። ሰባትን ወደ ስምንት፣ ስምንትን ወደ ሰባት። «ሰይጣን አሳሳተኝ» ማለት በወደድኩ፤ ግን እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ትሪውን አንስቼ ቢሮ አስገባሁ፣ ወጥቼም ከግራዬ ጋር ወደ ቤት ሄድኩ። መንገድ ላይ «እንዴት ነበር?» ስትለኝ፣ «ክፉ አይደለም» አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ማለት ይሄ ነው።

ሰኞ ለውጤት ተጠራን። የቤቱ አለቃ አጠር ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚረሳ ሽማግሌ ነው። ሠራተኞቹ ከኋላው «ጋሽ ሚሊ» ይሉታል፤ የዓለም ችግር በሙሉ ከአንድ ሚሊ ስህተት እንደሚመጣ ስለሚያምን ነው። አንድ ብረት በእጁ ይዞ ግቢ ውስጥ ወጣ።

«ሰባት ቁጥር ማነው?»

እጄን አወጣሁ። ከላይ እስከ ታች አየኝና ብረቱን አጠገቡ ላለው ልጅ ሰጠው። «ተቀባበሉት። ብረት እንዲህ ነው የሚሞረደው» አለ። ብረቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ግራዬ ጋ ደረሰ። ከሌሎቹ ይልቅ ትንሽ አቆየችው፤ አንድ ጊዜ ገለበጠችውና ለሚቀጥለው አሳለፈችው። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።

ጋሽ ሚሊ የወደቁትን በየተራ እየጠራ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቃል ይነግራል። ክፉ ሰው አይደለም፤ እያጽናና ነው የሚመስለው። ግራዬ ጋ ሲደርስ ሆዱ የወጣውን ብረት ሰጣትና፣ «አይዞሽ ልጄ። ሁሉ እጅ ለብረት አልተፈጠረም። ስፌት ምናምን ብትሞክሪ ይሻልሻል» አላት። ግራዬ ብረቱን ተቀብላ «እሺ» አለች። በሩ ጋ ስንደርስ ቁርጥራጭ መጣያው ውስጥ በቀስታ አስቀመጠችው። አልወረወረችውም።

እናቴ ያን ቀን እልል አለች። ግራዬ «እንኳን ደስ አለህ» አለችኝ፣ ዓይኔን እያየች። በማግስቱ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ መስፋት ጀመረች።

እኔ ደግሞ አዲስ ቱታ ለብሼ ብረት ቤት ገባሁ። ጋሽ ሚሊ ያንን ብረት ከሞርሳዬ በላይ ባለው መስኮት ደፍ ላይ አስቀምጦታል፤ «እንዳይዘነጋህ» ብሎ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆችም ወዲያው ስም አወጡልኝ፤ «ማዕዘን»። ማዕዘን፣ መዶሻውን አቀብለኝ። ማዕዘን፣ ምሳ ደረሰ። በተጠራሁ ቁጥር ጆሮ ግንዴን በጥፊ የተመታሁ ያህል ይሰማኛል፤ እነሱ ግን በፍቅር ነው የሚጠሩኝ። የምሠራው ሁሉ ጠማማ ነበር። ጋሽ ሚሊ የሞረድኩትን እያነሳ፣ «የፈተናው ዕለት የነበረው እጅ የት ሄደ?» ይላል፤ ደግሞ ራሱ «ቦታው አዲስ ሆኖበት ነው፣ ይለምዳል» ብሎ ይመልስልኛል። ቢሰድበኝ በወደድኩ። ማታ ቤት ስገባ ግራዬ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላት። «ዛሬ ምን ሠራችሁ?» ትለኛለች። ቶርኖው እንዴት እንደሚዞር፣ ስንት ዓይነት ሞረድ እንዳለ ስነግራት መርፌዋን አቁማ ትሰማለች። እንዴት አድርጌ አፌን ከፍቼ እንዳወራኋት ዛሬም አይገባኝም።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ጋሽ ሚሊ የሞረድኩትን አዲስ ብረት ለማየት መጣ። ከሁለት ቀን በፊት፣ «እንደ መጀመሪያው አድርገህ ሌላ ሥራልኝ፣ ጥንድ አድርጌ ለሚመጡት ማስተማሪያ አደርጋቸዋለሁ» ብሎኝ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ተጨንቄ ሠርቼዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ክፉ አልሆነም። ጋሽ ሚሊ ስኳድራውን አቆመበትና ወደ ብርሃኑ አየ። «እሰይ! መጣህልኝ» አለ። ልቤ ሞቅ አለ። ሁለቱን ብረቶች መስኮቱ ደፍ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

ከዚያ ጎንበስ አለ።

በጥፍሩ የብረቱን ፊት እየዳሰሰ ነው። ሞረድ ሲያልፍ ጭረት ይተዋል፤ ቀኝ እጁ የሚገፋ ሰው ጭረቱ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ ግራ እጁ የሚገፋ ሰው ወደ ሌላው። አንዱን ብረት አዙሮ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። ጭረቶቹ እንደተቃረኑ ናቸው።

«ይሄንን የሞረደው ግራኝ ነው» አለ፣ የድሮውን አንስቶ። «አንተ ግራኝ ነህ እንዴ?»

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። «አንዳንዴ በግራ እጄም እሠራለሁ» አልኩ።

«እስቲ አሳየኝ።»

ሞረዱን ሰጠኝ። በግራ እጄ ያዝኩት። ልጆቹ ማሽኑን አጥፍተው ተሰበሰቡ፤ ማዕዘን አዲስ ጥበብ ሊያሳይ ነው ብለው ነው። አንድ ጊዜ ገፋሁ፤ ሞረዱ ብረቱን ስቶ ተንሸራተተና የጣቴ አንጓ ሞርሳው ላይ ተላጠ። ደግሜ ገፋሁ። ላብ አጠመቀኝ። ከኋላ አንዱ፣ «ማዕዘን፣ በዚህ እጅህ ማንኪያም የምታነሳ አይመስለኝም» አለ፤ ሳቁ። ሦስተኛ ስገፋ ሞረዱ ከእጄ ወድቆ ወለሉ ላይ ጮኸ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ፤ መሬት እንዲህ ያለውን ልመና አትሰማም።

ጋሽ ሚሊ አልሳቀም። ልጆቹን ወደ ሥራቸው መለሳቸው።

«የማን ነው?» አለኝ በዝግታ።

«የአክስቴ ልጅ ናት የሠራችው። ስምንት ቁጥር።»

«ስምንት ቁጥር...» አሰበ። «ያ ሆዱ የወጣው?»

«እሱ የኔ ነው። ቁጥሩን ኮሪደር ውስጥ ቀየርኩት።»

ሽማግሌው የሞርሳዬ ጠረጴዛ ላይ ተደገፈ። ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ፊቱ ልክ እንደኔ ሆነ፤ ያፈረ ሰው ፊት።

«ለዚያች ልጅ ምን እንዳልኳት ታስታውሳለህ?» አለኝ። «ይሄንን በሠራ እጅ ላይ፣ ለብረት አልተፈጠረም አልኩ። አርባ ዓመት ሙሉ ብረት አያለሁ ስል ኖሬ፣ የቆርቆሮዋን ቁጥር አንብቤ ፈረድኩባት። ጭረቱን ያኔ ባየው ምን ነበረበት?» ብረቱን ኪሱ ከተተው። «ነገ ጠዋት እሷ ትምጣ። እኔ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። አንተ አትምጣ። ቤትህ ግን የምትናገረው አንተ ነህ፤ እኔ ደብዳቤ አልጽፍልህም።»

ቱታዬን አውልቄ፣ ጠቅልዬ፣ ብብቴ ውስጥ አድርጌ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ገና ስምንት ሰዓት ነው። እናቴ ስፌት መኪናዋ ላይ ናት፤ ግራዬ መስኮቱ ሥር የሸሚዝ ክምር ታቅፋለች። መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳጠና ነበር የመጣሁት። ያጠናሁት ሁሉ በሩ ላይ ጠፋ፤ በምትኩ ከአፌ የወጣው እንዲህ የሚል ሆነ፦

«እማዬ፣ ከነገ ጀምሮ ግራዬ ናት የምትሄደው። በኔ ቦታ እሷን ፈልገዋል።»

ውሸት የለበትም። እንዲህ ያለ እውነት መናገር እችልበት ነበር።

የእናቴ እግር መርገጫው ላይ ቆመ። እኔን አላየችኝም። ወደ ግራዬ ነው የዞረችው።

«ምን አድርገሽ ነው? ሄደሽ ምን ብለሽ ነገርሻቸው?»

ግራዬ ቀና ብላ እኔን አየች፣ ከዚያ ወደ ቁልፏ ተመለሰች።

«ለሱ የተሰጠውን እንጀራ! ከልጄ ሳልለይ አሳድጌሽ! ሰው ቢቀናም እኮ ወግ አለው፤ ወንድምሽ እኮ ነው! ከኋላው ሄደሽ ለመንሻቸው አይደል? ተናገሪ እንጂ! ምነው ምላስሽ ተዘጋ?»

ግራዬ አልተናገረችም። መርፌው ይገባል፣ ይወጣል። እኔም አልተናገርኩም። እናቴ ስትጮህ፣ ግራዬ ስትሰፋ፣ እኔ ቱታዬን ታቅፌ በሩ ላይ ቆሜ የአንድ ሸሚዝ ቁልፍ ከላይ እስከ ታች ተሰፍቶ አለቀ። ከሃያ ሁለቱ ቀን ይልቅ የማፍረው በዚያች ሸሚዝ ነው። ግራዬ ሸሚዙን አጥፋ ሌላ ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ ነው ድምፄ የመጣልኝ።

«እማዬ ተያት። ብረቱን የሞረደችው እሷ ናት። የፈተናውን ቁጥር እኔ ቀየርኩት። የኔ ብረት የማይረባ ነበር። እሷ የትም አልሄደችም፣ ማንንም አልለመነችም፤ አለቃው ራሱ ደርሶብኝ አባረረኝ።»

እናቴ ከኔ ወደ ግራዬ፣ ከግራዬ ወደ እኔ ተመለከተች። ትሰድበኛለች፣ የያዘችውን መቀስ ትወረውርብኛለች ብዬ ቆሜያለሁ። እሷ ግን እንደገና ግራዬን ነው የጠየቀችው፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አዎ አክስቴ። አለቃው ብረቱን ሲያዞርልን አወቅኩት። የራሴን ሥራ አጣዋለሁ?»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ከጎኔ ተቀምጠሽ እንዴት አትነግሪኝም?»

ግራዬ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። የተቆጣች አትመስልም፤ የምታውቀውን ነገር የምትጠይቅ ነው የምትመስለው።

«ብነግርዎት ያምኑኝ ነበር?»

እናቴ ልትመልስ አፏን ከፈተች። «እንዴታ» ልትል እንደነበር ከንፈሯ ላይ አይቻለሁ። ቃሉ ግን አልወጣም። መቀሱን አስቀመጠች፣ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች፣ እንባዋም ዝም ብሎ ይወርድ ጀመር። እሷ መልሱ ገና ያን ሰዓት ነበር የገባት። እኔ አስቀድሜ አውቀው ነበር፤ ኮሪደሩ ውስጥ ሽቦውን ስጠመዝዝ እጄ ያልተንቀጠቀጠው በዚህ መልስ ተማምኜ ነው።